የእታለም ባለሁለት ሲሊንደር

ግንቦት 29

ባለአራት ሲሊንደሯ ሞተሬ ዛሬ በይፋ ሞተች። ጭሱ ሆዷን ከፍቶ አይቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር በል" አለኝ። ጭሱ መካኒካችን ነው፤ ስሙን ያወጣለት ጋራዡ ነው እንጂ ሲጋራስ አያጨስም። ውስጧ ተፋጭቶ አልቋል፣ ዕቃውም የትም አይገኝም አለ። ስንት ዓመት ቁልፍ ጠምዝዤባት አንድ ቀን እንቢ ብላኝ የማታውቀውን ሞተር ጥግ ላይ በላስቲክ ሸፍኛት ወጣሁ። ትልቅ ሰው ሆኜ ነው እንጂ ማልቀስ አምሮኝ ነበር።

ቤት ስደርስ እታለም በር ላይ ቆማ ቁልፍ ዘረጋችልኝ። ይህን ደብተር ማንም እንደማያነበው አውቃለሁ፤ ነገርን ከሥሩ ማስረዳት ግን ልማዴ ነው። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። የመኪና መንጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ እኔንም ሞተር ያስነዳችኝ እሷ ናት። የሰጠችኝ የራሷን ባለሁለት ሲሊንደር ነው፣ ያቺን ቀይ የስፖርት ሞተር፣ ሰው ሲደገፍባት እንኳ የእታለም ፊት የሚቀያየርባትን።

"ውሰዳትና ንዳት" አለችኝ።

"አንቺስ?"

ግራ እጇን አንስታ አሳየችኝ። ክርኗ ላይ ነርቭ ተጭኖባት በበጋው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ጣቶቿ ግን እስካሁን አልታዘዝ ብለዋታል፤ የውሃ ጠርሙስ እንኳ ይዛ ማቆየት አትችልም። ፍሪሲዮን ደግሞ በግራ እጅ ነው የሚጨበጠው፤ እሱ ሳይጨበጥ ማርሽ አይገባም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ክረምቱ እስኪወጣ እንጠብቅ፣ እስከዚያ ከተመለሰ ተመለሰ ብላታለች።

"ቆማ ካቴናዋ እንዳይዝግብኝ ነው" አለች እታለም። "እስክመለስ ጠብቅልኝ።"

እግዜር ይስጣት። ነገ በእግሬ ልሄድ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ አጥቤ፣ ወልውዬ፣ እንዳለች እመልስላታለሁ።

ሰኔ 1

መብራት ላይ ጠፋችብኝ። አስነሳኋት፣ ጠፋችብኝ። ከኋላዬ ያለው ታክሲ ጡሩምባውን ተጭኖ አልለቅ አለ። የኔዋን ፍሪሲዮኑን እንዳሻኝ ብለቀው ትሄድልኝ ነበር። ይቺ ግን አንገቷን ነቅንቃ ቀጥ ትላለች።

ደግሞ መንዘሯ። የምሠራው መነጽር ቤት ነው፤ መስታወት ሞርጄ ፍሬም ውስጥ አስገባለሁ። ጠዋት ስገባ እጄ ገና ይነዝረኝ ስለነበር የፍሬሙን ትንሽ ብሎን መያዝ አቃተኝ። ሦስቴ ወለል ላይ ጣልኩትና በጉልበቴ ስፈልግ ባለሱቁ ከላይ አዩኝ።

"ምነው፣ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ ያደርከው?" አሉኝ።

"የእህቴን ሞተር ነድቼ ነው።"

"እህትህ እንዴት ነች? እጇስ?"

"እየተሻላት ነው" አልኳቸው። እውነትም ነው፤ ትናንት በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ቁልፉን ይዛው ነበር።

ሰኔ 5፣ እሁድ

እታለም ቁርስ ላይ ፈተነችኝ። ለካ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቆማ እስከ መንገዱ ጫፍ ስሄድ ታዳምጣለች።

"ገና ሳትሞቅ ትጮህባታለህ" አለችኝ። "ማርሹንም ስትቀይር ችኩል ነህ። የባለአራቷን ዘፈን እያዘፈንካት ነው።"

"ሳትጮህ አትሄድማ።"

"ትሄዳለች። አንተ ነህ ሳትጮህ መሄድ የማታውቀው።"

እማዬ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። እማዬ ሞተር የሚባል ነገር አትወድም፤ እኔንና ሞተርን አንድ ላይ የሰደበ ሰው ግን ይጥማታል።

እታለም ከዚያ ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አሳየችኝ። የባለአራቷ ጉልበት ከላይ ነው ያለው፣ ፈጥና ስትዞር ነው የምትነቃው፤ ባለሁለቷ ግን ታች ነው ጉልበቷ፣ ቀስ ብላ ስትዞር። ቀስ ብላ ስትመታ እመናት፣ አትቀይርባት፣ ነዳጅ ጨምርና ጠብቃት። "ደግሞ ድምጿን አትመን" አለች። "ዝግ ያለች ትመስልሃለች። አይደለችም።"

ግራ እጇ ጭኗ ላይ ነበር። ስታስረዳ ሁለቱም እጆቿ ይናገሩ ነበር፤ አሁን አንዱ ብቻ ነው የሚያወራው። አየሁትና ሻዩን ቀዳሁ።

ሰኔ 9

ዝናብ። ረፍዶብኝ ነበር። አደባባዩ ጋ ሁለት ማርሽ አከታትዬ ዝቅ አደረግሁና ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት። የኋላ ጎማው ዘለለ። በእግሬ መሬት ነክቼ ተረፍኩ። ጫማዬ ተቀደደ። ለማንም አልናገርም። ተመስገን።

ሰኔ 11

ለጭሱ ተናገርኩ። አንድ ሰው ማወቅ አለበት ብዬ ነው።

ሳቀብኝ። ከባለአራት ወደ ባለሁለት የሚቀይር ሰው ሁሉ የሚሠራት ስህተት ናት አለ። "ባለአራቷ ይቅር ባይ ነበረች። ይቺ ነዳጅ ስትለቅ ራሷ እንደ ፍሬን ትይዝሃለች። ላይዋ ላይ ሁለት ማርሽ ደርበህ ፍሪሲዮኑን ከወረወርክባት ጎማው ይቆማል፤ ዝናብ ላይ ደግሞ ደህና ሁን ነው። አትልቀቀው፤ አስረክበው።"

አስረክበው። ጥሩ ቃል ናት። ጣቶቼን አንድ በአንድ እያላሉ ማስረከብ ማለት ነው።

ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አድርጎ፣ "እህትህ ደውላ የኋላውን ሞላ ላንተ ክብደት አስተካክልለት ብላኝ ነበር። የፍሪሲዮኑንም እጀታ ወደ ውጭ አውጣለት፣ ጣቱ ረጅም ነው ብላለች" አለኝና አስተካከለው።

"ስትመለስ መልሰህ ታስተካክልላታለህ አይደል?" አልኩት።

ጭሱ መጀመሪያ ብሎኑን አጥብቆ ጨረሰ። ከዚያ "ብሎን ነው፣ የማይዞር ብሎን የለም" አለ። ሥራ በዝቶበት ነው።

እታለም ግን ያልታሰበ ነገር የላትም። የጣቴን ርዝመት ከየት አስታወሰችው? ገና ጀማሪ ሳለሁ ከኋላዬ ተቀምጣ ግራ እጇን እጄ ላይ ጭና ፍሪሲዮን ስታስለቅቀኝ ይሆናል የለካችው።

ሰኔ 19፣ እሁድ

እማዬ የላስቲክ ኳሷን ሶፋ ሥር አገኘቻት። እታለም በቀን ሦስቴ እንድትጨብጣት የታዘዘች ኳስ ናት።

"ይቺ ምን ትሠራለች እዚህ?" አለች እማዬ።

"ወድቃብኝ ይሆናል።"

"አቧራ ለብሳለች እኮ።"

እታለም ተቀብላት ጨበጠች። ሦስቱ ጣቶች ትንሽ ገባ አሉ። የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ እንደተዘረጉ ቀሩ። ሦስታችንም ባንድ ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመርን።

ከባለፈው ወር ይሻላል። ይሻላል።

ሰኔ 24

ሳልተኛ ልጻፈው።

ከሥራ በኋላ ዝናቡ አባራና አስፋልቱ ደረቀ፤ በግድቡ በኩል ዞሬ ልግባ አልኩ። ያ ጠመዝማዛ መንገድ ለስፖርት ሞተር የተሠራ ነው። እታለም እንዳለችው አደረግሁ። ማርሹን ከፍ፣ ድምጿን ዝቅ፣ ጠበቅኳት። እውነትም ታች ነው ጉልበቷ። ቱፍ ቱፍ እያለች፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ዳገቱን ወጣችው። ደስ አለኝ። እኔም እንደ ሽማግሌ ተዝናንቼ የምሄድ ነበር የመሰለኝ። ባለአራቷ እኮ ስትፈጥን ታሳውቅ ነበር፤ ጆሮዬ ላይ ትጮህ ነበር። በሷ ጩኸት ነው ፍጥነት መለካት የለመድኩት።

ረጅሙ ኩርባ ላይ ስገባ ልቤ አንድ ነገር ነገረኝና የፍጥነት መቁጠሪያውን አየሁ። በዚያ ፍጥነት በሕይወቴ ወደ ኩርባ ገብቼ አላውቅም። ድምጿ ያው ነበር፣ ዝግ ያለ፣ የተረጋጋ። ፍሬን ብይዝ እንደምወድቅ አወቅሁ። አዘነበልኳት፣ ከለመድኩት በላይ አዘነበልኳት። አልበቃም። ከአስፋልቱ ወጥቼ ጠጠሩ ላይ እየተንሸራተትኩ ሄጄ ከግድቡ አጥር አጠገብ ቆምኩ። አልወደቅኩም። እንዴት እንዳልወደቅኩ አላውቅም፤ የኔ ችሎታ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ሳር ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። መጀመሪያ ያየሁት ሞተሯ አንድ ጭረት እንኳ እንደሌለባት ነው። ከዚያ ነው የራሴን እጅና እግር የቆጠርኩት። ቂል ነኝ። እታለም በግልጽ አማርኛ ነግራኛለች፤ ድምጿን አትመን ብላኛለች። እኔ ግን ጆሮዬን ነው ያመንኩት።

እዚያው ሳር ላይ እንዳለሁ እታለም ደወለች።

"የት ጠፋህ?"

"መንገድ ላይ ነኝ። አንቺስ፣ ፊዚዮቴራፒው እንዴት ነበር?"

"ደህና ነው። ዛሬ ትንሽ አልታዘዝ አለኝ እንጂ ደህና ነኝ። ምንም አይደል።"

ድምጿ ዝግ ያለ፣ የተረጋጋ ነበር። ደህና ናት ማለት ነው። ቢያንስ እሷ ደህና መሆኗ እፎይ አሰኘኝ።

ሐምሌ 3፣ እሁድ

ሳምንቱን በሙሉ ስንቀረፈፍ ከረምኩ። ብስክሌት ሁሉ ቀደመኝ።

ሐምሌ 5

ዛሬ ለፊዚዮቴራፒው እኔ ላድርስሽ፣ ከኋላ ተቀመጪ ብዬ እታለምን ጠየቅኋት።

"ከኋላ አልቀመጥም" አለች። እንዲያው ባጭሩ። "የሷ የኋላ መቀመጫ ለጌጥ ነው።" ታክሲ ተሳፈረች፤ እኔ በሞተር ተከተልኳት። ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ቦታ በሁለት መኪና የምንሄድ ሀብታሞች መሰልን አልኳት፤ ሳቀችልኝ።

ኮሪደሩ ላይ ስጠብቅ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ባለሙያዋ ለስለስ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰማሁ፦ "እኔ ተስፋ ቁረጪ አልልሽም። ግን ሕይወትሽን አቁመሽ ጠብቂ ብልሽም ልክ አይሆንም።"

"ገብቶኛል" አለች እታለም።

ተስፋ አትቁረጪ ነው ያለቻት። የሰማሁት እሱን ነው።

ሐምሌ 10፣ እሁድ

የምጽፈው ነገር ያሳፍረኛል። ባለሁለቷን እየወደድኳት ነው።

ጭሱ እንዳለው ማስረከቡን ጠዋት ጠዋት በባዶ መንገድ ላይ እለማመዳለሁ። ነዳጁን መልቀቅ፣ አንድ ማርሽ ብቻ ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያ ጣቶቼን ቀስ እያላሉ ፍሪሲዮኑን ማስረከብ። ሲሳካልኝ ሞተሯ እንደ አንድ ሰው ትንፋሽ ዝቅ ትላለች፤ ምንም አትነቀንቀኝም። ጠባብ ስለሆነች በጉልበቴ መሃል ጥፍት ትላለች። መንዘሯንም ለመድኩት፤ እያንዳንዷ ምት ምን ላይ እንዳለች ትነግረኛለች። ባለአራቷ እኮ ሁሉን ነገር አለስልሳ ነበር የምታቀርብልኝ። ከሥሬ ምን እየተደረገ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

በየቀኑ አንድ ጊዜ እታለምን አመሰግናለሁ፤ በሆዴ ነው እንጂ በአፌ አይደለም። በአፌ ብናገር እንደወደድኳት ታውቅብኛለች። የሰው ነገር ስወድ የምሰርቅ ይመስለኛል። እጇ ሲመለስ አልመልስም የምል ሰው አይደለሁም እኮ። ለምን እንደዚህ እንደማስብ እንጃ።

ሐምሌ 18

እታለም ሁለተኛውን ቁልፍ ሰጠችኝ። ራት እየበላን ሳለ ከኪሷ አውጥታ ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጠችው። ያን ቁልፍ ሞተሯን ከገዛችበት ቀን ጀምሮ አንገቷ ላይ ካለው ክር ጋር ነበር የምታስረው።

"ይሄን ለምን?" አልኳት።

"ሁለቱም አንድ ቦታ ይሁኑ።"

እንዳይጠፋባት ነው ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። "ክረምቱ ሲወጣ እኮ ትነጃታለሽ። አየሽ፣ ጣትሽ ካለፈው ወር..."

"ተው።"

እታለም ተቆጥታ አታውቅም። አሁንም ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ማንኪያዋን ግን አስቀመጠች።

"ሁላችሁም ቀን በቀን እየተሻለሽ ነው ትሉኛላችሁ። እጁ ያለው እኔ ጋ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ። ከናንተ ጋር ተስፋ ሳደርግ ነው የሚደክመኝ። እንደሚሻለኝ አትንገረኝ። ስለ ሞተሯ ንገረኝ። እውነቱን ንገረኝ፤ እንዴት ናት?"

እማዬ ዓይኗን ሳህኑ ላይ ተከለች። የግድቡን ኩርባ ነገርኳት። ሁሉን ነገር፣ ጠጠሩን፣ አጥሩን፣ ሳር ላይ መቀመጤን። የአደባባዩንም ጨምሬ ዘከዘክሁት። እማዬ "ወይኔ ልጄን" ብላ ደረቷን ያዘች። እታለም ግን መሳቅ ጀመረች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ መጨረሻ ላይ ሳቁና እንባው የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃተኝ።

"እኔም እዚያው ኩርባ ላይ ነው ከአስፋልቱ የወጣሁት" አለች። "መጀመሪያ በገዛኋት ወር። እዚያው አጥር ጋ። ለማንም አልተናገርኩም።"

"አትነግሪኝም ነበር?"

"ድምጿን አትመን አላልኩህም?"

ቁልፉን መሳቢያዬ ውስጥ ከመነጽር ብሎኖቹ ሥር አስቀመጥኩት።

ደንቆሮ ነኝ። እህቴ ድምጿን ሳትለውጥ ስንት ወር ስትወድቅ ኖራለች፤ እኔ ደህና ናት እያልኩ እዚህ እጽፋለሁ።

ነሐሴ 2

ሥራ በዝቷል። የተማሪ መነጽር፣ የተሰበረ ፍሬም። ከዝናብ ጋር መጥቼ ከዝናብ ጋር እመለሳለሁ። አንዴም አልጠፋችብኝም። ለእታለም ማታ ማታ ሪፖርት አቀርባለሁ፤ ዛሬ አደባባዩን እንዴት እንደዞርኩ፣ ድልድዩ ላይ ንፋሱ ምን እንዳደረገኝ። ዓይኗን ጨፍና ነው የምታዳምጠው። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ነዳጅ ይሰጣል።

ነሐሴ 15፣ እሁድ

ዓርብ ነበር የእታለም የሐኪም ቀጠሮ። እስከ ዛሬ መጻፍ አልቻልኩም።

እጇ አይመለስም። ሐኪሙም ባለሙያዋም አንድ ላይ አይተዋት ነው። ሁለቱ ጣቶች አይዘጉም፤ ሌሎቹ ካሁኑ ብዙ አይጠነክሩም። በቀኝ እጇ ትጽፋለች፣ ትበላለች፣ መኪና ውስጥ ታስተምራለች። "ብዙ ሰው ከዚህ የባሰ ይገጥመዋል፤ እኔ እድለኛ ነኝ" አለች በታክሲ ስንመለስ። ድምጿ ዝግ ያለ፣ የተረጋጋ ነበር። በዚህ ጊዜ አላመንኩትም። እጇን፣ ያንን የግራውን፣ ያዝኩት። አልነጠቀችኝም። ቤት እስክንደርስ ይዤው ነበር።

ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ የአንዲት ሴትዮ መስታወት አበላሸሁ። ባለሱቁ ሂድ ፊትህን ታጠብ ብቻ አሉኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ወደ ቤት ስመለስ ጭሱ ጋ ቆምኩ። ፍሪሲዮኑን ወደ ቀኝ ማዞር አይቻልም ወይ አልኩት። ይቻላል አለ። "ግን የስፖርት ሞተር ናት፤ ወደፊት ተደፍተህ ክብደትህን በሁለት እጅህ ነው የምትሸከመው። ፍሬን በያዘች ቁጥር ያ ግራ እጇ ይከዳታል። እኔ እህትህን አልገድላትም" አለኝ። የተሸፈነችውን ባለአራቴን እያየን ቆምን።

ነሐሴ 18

ዛሬ ዝናቡ አላስነዳ ብሎ እታለም በማስተማሪያ መኪናዋ ከሱቅ ወሰደችኝ። መሪ የያዘው ተማሪዋ ነው፤ ጺም ያለው፣ አስፋልት ያላየ ትልቅ ሰውዬ። እኔ ከኋላ ሆኜ ነፍሴን ለፈጣሪ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

የማስተማሪያ መኪና በአስተማሪውም በኩል ሁለተኛ ፔዳል አለው። ስንት ጊዜ ተሳፍሬበት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ዳገቱ ላይ ሰውዬው ፍሪሲዮኑን ወረወረው፤ መኪናው ሊጠፋ ሲል የእታለም እግር በጸጥታ ወርዶ ያዘው፣ ቀስ ብሎም አስረከበው። መኪናው ለስልሶ ወጣ። ሰውዬው ደረቱን ነፋ።

"ጎበዝ" አለችው እታለም።

ሰውዬው ሲወርድ፣ "ምነው እውነቱን አትነግሪውም?" አልኳት።

"ዳገት መውጣት ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ሰውነቱ ይወቀው" አለች። "ከዚያ የራሱን ያመጣል። እስከዚያ የኔ እግር የሱ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ያ እግሯ ከዓይኔ አልጠፋም።

ነሐሴ 22፣ እሁድ

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ምንም ነገር እንዳይዘለኝ።

ዛሬ ጠዋት ሰማዩ ጥርት አለ። የመንጃ ትምህርት ቤቱ መለማመጃ ሜዳ እሁድ ዝግ ነው፤ የበሩ ቁልፍ ግን እታለም ጋ ነው ያለው። ሞተሯን አጠብኳት፣ ወለወልኳት፣ ከዚያ እታለምን ሄልሜትሽን አምጪ አልኳት።

"ከኋላ አልቀመጥም ብዬሃለሁ" አለችኝ።

"ማን ከኋላ ተቀመጪ አለሽ? አንቺ ከፊት ነሽ።" ግራ እጄን ዘረጋሁላት። "ይሄ ያንቺ ነው።"

አተኩራ አየችኝ። የገባት ወዲያው ነው፤ እሷ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣትም። "አብደሃል" አለች።

"በመኪናሽ ሁለተኛ ፔዳል አለ አይደል? በሞተርሽም ይኑር።"

"ብገጭስ?"

"ሜዳው ባዶ ነው። የምትገጪው እማዬን ብቻ ነው።"

እማዬ ጃንጥላዋን አንስታ ቀድማን የቤታችን በር ላይ ቆማ ነበር። "ሁለታችሁንም የወለድኳችሁ እኔ ነኝ፤ ስትወድቁ የማነሳውም እኔ ነኝ" አለች። እኔ ሞተሯን ነዳሁ፤ እማዬ ታክሲ ውስጥ ለእታለም ሙሉውን መንገድ ተነጫነጨች።

እታለም ተቀመጠች። እኔ በዚያች ለጌጥ በተሠራች መቀመጫ ላይ ወጣሁና ጀርባዋ ላይ ተደፋሁ። ግራ ክንዴን በብብቷ ሥር አሳልፌ እጀታውን ጨበጥኩ፤ ረጅም ጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ነዳጁ፣ ፍሬኑ፣ ማርሹ የሷ ነው። ግራ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ትንሽ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ እጄ ላይ አሳረፈችው።

"ያዝ ስልህ ትይዛለህ፣ ልቀቅ ስልህ ትለቃለህ። ሌላ ነገር አታስብ።"

"እሺ እታለም።"

"ያዝ።" ማርሽ አስገባች። "ልቀቅ።"

ፈርቼ ነበርና ጣቴ የድሮ ልማዱን ሠራ። ወረወርኩት። ሞተሯ አንገቷን ነቅንቃ ጠፋች። እማዬ ከሩቅ ፊቷን በጃንጥላ ሸፈነች።

"ባለአራቷ ሞታለች፤ እርሳት" አለች እታለም። ጀርባዋ በሳቅ ሲንቀሳቀስ ደረቴ ላይ ተሰማኝ።

እንደገና። ያዝ። ልቀቅ። በዚህኛው አስረከብኩ፣ ክረምቱን ሙሉ እንደተለማመድኩት፣ አንድ በአንድ። ተንቀሳቀስን። የሜዳውን ዙሪያ በአንደኛ ማርሽ ዞርን፣ ከዚያ ያዝ አለች፣ ሁለተኛ አስገባች፣ ልቀቅ አለች፤ ሞተሯ ምንም ሳትንገጫገጭ ተቀበለችው። ለተማሪዎች በተደረደሩት ምልክቶች መሃል ስታዘነብል እኔም አብሬያት አዘነበልኩ። እንደዚያ አድርጎ የሚነዳ ሰው አላየሁም። ወራት ሳትነዳ ቆይታ እንኳ ከኔ ትሻላለች።

ስንተኛው ዙር ላይ እንደሆነ እንጃ፣ መናገር ተወች። ያዝ ሳትል ያዝኩ። ልቀቅ ሳትል ለቀቅኩ። ከእጇ ነበር የምሰማው። እጄ ላይ ያረፉት ጣቶች፣ ኳስ መጨበጥ ያቃታቸው፣ ማርሹ ሊገባ ሲል ጫን፣ ሊለቀቅ ሲል ላላ ይላሉ። ፍሪሲዮን ለመጨበጥ የማይበቃው እጅ ለኔ እጅ ይበቃ ነበር። ሁለቱ ጣቶች አልታዘዙም፤ ዝም ብለው እጄ ላይ ተኝተዋል። እነሱም አብረውን ዞሩ።

ስናቆም ሄልሜቷን አወለቀች። ፊቷ በእንባ ርሷል። እማዬ እየሮጠች መጥታ፣ የወደቀ ሰው ባይኖርም፣ ሁለታችንንም አንድ ላይ አቀፈችን።

"እታለም፣ አመሰግናለሁ" አልኳት። ክረምቱን ሙሉ በሆዴ ይዤው ነበር፤ ዛሬ ወጣ። "ስለ ሞተሯ። ወድጃታለሁ።"

"አውቃለሁ። በረንዳ ላይ እሰማሃለሁ እኮ።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ከዚያ የአስተማሪነት ፊቷን አደረገችና፣ "ፍሪሲዮን ላይ አልፈሃል። መሪ ግን አልሰጥህም" አለችኝ።

ማታ በሬን አንኳኳች። ገብታ ከመሳቢያዬ አጠገብ ቆመች።

"ያን ሁለተኛውን ቁልፍ የት አደረግከው?"

"እዚህ ነው። ምነው?"

ቀኝ እጇን ዘረጋች። "መልስልኝ። እሁድ እሁድ እፈልገዋለሁ።"

ከብሎኖቹ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት።